የብሎን ውጥረት በድምፅ ስለ መለካት
(በአወቱ መንደራ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ልንናገርለት የመጣነው ነገር ትንሽ ነው፤ አንድ ብሎን ነው። ብሎንን የናቀ ሰው ግን ዋጋውን የሚያውቀው ከተበጠሰ በኋላ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ደቂቃ እንድታደምጡን እንለምናለን።

በጠረጴዛው ላይ ሁለት ብሎኖች ታያላችሁ። በመጠንም በብረታቸውም አንድ ናቸው። አንደኛው ዘይት ተቀብቷል፤ ሁለተኛው ደረቅ ነው፤ ጥርሱም ዝጓል። አንድ ሰው በአንድ መፍቻና በእኩል ጉልበት ሁለቱንም አጥብቋቸዋል። የትኛው ይበልጥ ተወጠረ? «እኩል ናቸው» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን እኩል አይደሉም፤ ዘይት የተቀባው ይበልጣል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዳዶውን ለማጥበቅ ከምናወጣው ጉልበት ከመቶው 50 ያህሉ ከዳዶው ሥር ባለው ፍትጊያ፥ 40 ያህሉ ደግሞ በጥርሱ ፍትጊያ ይጠፋል። ብሎኑን ለመወጠር የሚተርፈው 10 ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍትጊያው ጥቂት ሲለወጥ ውጥረቱ ብዙ ይለወጣል። የመጠምዘዣውን ኀይል በቁጥር በሚያሳይ መፍቻ ብንሠራ እንኳ፥ ውጥረቱ ካሰብነው 25 ወይም 30 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል።

ክራር የሚደረድር ሰው አውታሩ በሚገባ መወጠሩን በምን ያውቃል? ማጥበቂያው እጁን ስለ ከበደው አይደለም፤ በድምፁ ነው። የአልትራሶኒክ መሣሪያም እንዲሁ ብሎኑን ራሱን ይጠይቀዋል። በብሎኑ ራስ ላይ ጥቂት ዘይት ወይም ግሊሰሪን ተቀብቶ መሣሪያው ይቀመጥበታል፤ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይላካል፤ ድምፁም ከታችኛው ጫፍ ተጋጭቶ ይመለሳል። የሚለካው የደርሶ መልሱ ጊዜ ነው።

በብረት ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 5900 ሜትር ያህል ይጓዛል። ርዝመቱ 200 ሚሊሜትር የሆነውን ብሎን ደርሶ ለመመለስ ከሴኮንድ ሚሊዮን እጅ 68ቱ ያህል ይበቃዋል። ይህ ብሎን በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር 400 ኒውተን ቢወጠር በ0.4 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። መንገዱ ስለ ረዘመ ድምፁ ይዘገያል። ከዚህም በላይ፥ በተወጠረ ብረት ውስጥ የድምፁ ፍጥነት ራሱ ይቀንሳል፤ ከመዘግየቱም ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ መሣሪያው አስቀድሞ በዚያው ዓይነት ብሎን ተፈትኖ መስተካከል አለበት።

ሁለት ነገር እንድታስተውሉ አደራ እንላለን። አንደኛው ሙቀት ነው። በጅማ በበጋ ጧት ሲበርድ የተለካ ብሎን ከቀትር በኋላ ሲለካ ሌላ ይመስላል። የ10 ዲግሪ ልዩነት የሚያመጣው ስሕተት ከላይ ከጠቀስነው ውጥረት አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚደርስ፥ የብሎኑ ሙቀት አብሮ ይመዝገብ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ልክ ነው። ብሎኑ ሳይጠብቅ ካልተለካ፥ ከጠበቀ በኋላ ምን ያህል እንደ ረዘመ የሚነግረን የለም፤ ለማወቅ እንደ ገና መፍታት ግድ ይሆናል። ደብተር የሌለው መሣሪያ ግማሽ መሣሪያ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? በሚገባ የተወጠረ ብሎን በየጊዜው ከሚመላለሰው ጭነት የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። የላላው ግን መንቀጥቀጡን ሁሉ ይሸከማል፤ ብረቱም ይደክማል፤ ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2009 በሩሲያ አገር በሳያኖ ሹሼንስካያ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ፥ የ2ኛውን ተርባይን ክዳን የያዙት ብሎኖች ተበጠሱ። ውሃው ተርባይኑን ወደ ላይ አነሣው፤ 75 ሰዎችም ሞቱ። ከተመረመሩት 49 ብሎኖች በ41ዱ ላይ የድካም ስንጥቅ ተገኘ። ስንጥቁ በአንድ ቀን የተወለደ አልነበረም።

ሩሲያ ሩቅ ነው አትበሉ። በዚሁ በጅማ ዞን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሠራው ግልገል ግቤ አንድ በሦስት የፍራንሲስ ተርባይኖች 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። የእነዚህን ተርባይኖች ብሎኖች ነገ የሚጠብቁ፥ ከዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል ይኖራሉ። በአጋሮና በሊሙ የእሸት ቡና መፈልፈያ ሞተርም በለቀማ ወራት ሲንቀጠቀጥ የሚውለው በብሎን ተይዞ ነው።

«መሣሪያው ውድ ነው፤ ከየት እናምጣው?» ትሉ ይሆናል። የብሎኑ ሁለት ጫፎች የሚደረስባቸው ከሆኑ አንድ ማይክሮሜትር ርዝመቱን ሊለካ ይችላል፤ 0.4 ሚሊሜትር ለማይክሮሜትር ብዙ ነው። የድምፁ መሣሪያ ግድ የሚሆነው አንደኛው ጫፍ በብረት ውስጥ ሲቀበር ነው። ደብተርና እርሳስ ግን ውድ አይደሉም።

እንግዲህ ለሥራ ልምምድ ወደ ፋብሪካና ወደ ጣቢያ የምንወጣ ሁላችን፥ እያንዳንዱን ብሎን ቁጥር ሰጥተን፥ ሳይጠብቅና ከጠበቀ በኋላ ለክተን፥ ቀኑንና ሙቀቱን እንጻፍ። «ክንዴ ይነግረኛል» የሚል የቆየ ሠራተኛ ብናገኝ አንናቀው፤ ክንዱ ብዙ ያውቃልና። ነገር ግን ዘይት የተቀባውንና የዛገውን ብሎን አቅርበን፥ ልክ ዛሬ እንዳደረግነው በትሕትና እናሳየው።