ስለ ቤተ ሙከራ አይጥ አሟሟት



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ለታመመች የወተት ላም ሌሊት ይነሣል። አይጥ ግን በጎተራ እንደ ጠላት፣ በቤተ ሙከራ እንደ መሣሪያ ስለምትታይ፣ ስለ አሟሟቷ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው በሰበታ በመሆኑ ጥያቄው ለአካባቢው ባለሙያ ባዕድ አይደለም።

እንግሊዛውያኑ ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ሦስት መርሆዎችን አስቀምጠዋል፤ እነዚህም እንስሳን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስና ሥቃዩን ማቃለል ናቸው። መግደል ግድ ሲሆን ሦስተኛው መርሕ ይጸናል።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገደል አይጥ ጋዝ ቀድሞ በሞላው ሣጥን ውስጥ አይከተትም። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር የ2020 መመሪያ ጋዙ በየደቂቃው ከሣጥኑ ይዘት ከ30 እስከ 70 በመቶ በሚሆን መጠን እንዲገባ ይላል። አዲስ የተወለዱ የአይጥ ልጆች ግን የኦክስጅን እጥረትን ስለሚቋቋሙ እስከ 50 ደቂቃ ሊቆዩ ይችላሉ። ሠራተኛው ክዳኑን ዘግቶ ቢሄድና ቸኩሎ ቢጥላቸው፣ የሞተ የመሰለው ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ ሊነቃ ይችላል።

ጋዝ በሌለበት አንገትን በፍጥነት ማላቀቅ ይቻላል፤ ይኸውም አስቀድሞ በበድን ላይ ለተለማመደ እጅ ብቻ ነው። በውኃ ማስጠምም ሆነ ነቅቶ ያለን አይጥ በማቀዝቀዣ ማስገባት የተወገዘ ነው።

በመጨረሻም ትንፋሽና የልብ ምት መቆማቸው ይመርመር፤ በሁለተኛ ዘዴም ይረጋገጥ። ያረጋገጠውም ባለሙያ ስሙን በመዝገብ ያስፍር።