የፒዛው ዘንባላ ግንብ ስለ ምን አልወደቀም?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ለታናናሽ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በኢጣልያ አገር ፒዛ በምትባል ከተማ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት አለ። ከነጭ እብነ በረድ የተሠራ፥ ባለ 8 ደርብ፥ ቁመቱ 56 ሜትር ያህል የሆነ ክብ ግንብ ነው። ሥዕሉን ያየ ሁሉ «አሁን ወደቀ» ይላል፤ እርሱ ግን አልወደቀም። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ምን እንደ ዘመመና እንዴት እንደ ዳነ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሥራው የተጀመረው በ1173 ዓ.ም. ነው። መሬቱ ለስላሳ ጭቃና አሸዋ ሲሆን፥ ለዚያ ሁሉ ድንጋይ የተቆፈረው መሠረት ጥልቀቱ 3 ሜትር ያህል ብቻ ነበረ። ሦስተኛው ደርብ ላይ እንደ ደረሱ በ1178 ገደማ ሥራው ተቋረጠ፤ እስከ 1272ም ድረስ ማንም አልነካው። ይህ ጥፋት ይመስላል፤ ነገር ግን ግንቡን ያዳነው ይኸው መቋረጥ ነው። በእነዚያ ዓመታት ጭቃው በክብደቱ እየተጨመቀ ጠነከረ፤ ሳያቋርጡ ቢሠሩት ኖሮ ይገለበጥ እንደ ነበረ መሐንዲሶች ይናገራሉ።

በኋላ የመጡት ግንበኞች የሰመጠውን ወገን ከፍ እያደረጉ ገነቡት፤ ስለዚህም ግንቡ እንደ ሙዝ ጥቂት ጎብጧል። መዝመሙ ግን አልቀረም። በ1934 በመሠረቱ ውስጥ ሲሚንቶ ቢጨምሩበት ይብሱን አዘነበለ። በ1989 ፓቪያ በተባለች ሌላ የኢጣልያ ከተማ አንድ ጥንታዊ ግንብ በድንገት ተደርምሶ 4 ሰዎች ሞቱ። ያን ጊዜ ሁሉም ስለ ፒዛው ፈሩ፤ በ1990ም በሩ ተዘጋ።

ከእኛ አንዱ ቢጠየቅ «በዘመመበት ወገን ደግፉት» ባለ ነበር። መሐንዲሶቹ ግን ከፍ ብሎ ከቀረው ከሰሜኑ ወገን፥ ከሥሩ አፈሩን በመሰርሰሪያ ጥቂት በጥቂት አወጡ። ቢቸኩሉ ግንቡ በጠፋ ነበር፤ ስለዚህ እየለኩ ሠሩ። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፥ ጫፉ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተመለሰ፤ በ2001ም በሩ እንደ ገና ተከፈተ። ፈጽሞ ሊያቀኑት ግን አልፈለጉም፤ የታወቀው በመዝመሙ ነውና።

ታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እናንተ ዛሬ ገና በመሠረቱ ላይ ናችሁ። ፊደሉንና ሒሳቡን በሚገባ ሳታውቁ ወደ ላይኛው ክፍል ለመውጣት አትቸኩሉ። ክፍል የደገመ ጓደኛ ቢኖራችሁም አትሳቁበት፤ ግንቡ ቆሞ የቀረበት ዘመን መሬቱ የጠነከረበት ዘመን ነበረና።