ልጅን የማየት ትእዛዝ ከቢቸና እስከ ሞጣ



እናት ቢቸና፣ አባት ሞጣ ሲኖሩ «አባት ልጁን በየወሩ ይጎብኝ» ተብሎ ይወሰንና መዝገቡ ይዘጋል። የት ይገናኙ? ማን ያድርሰው? በስንት ሰዓት ይመለስ? ይህ ካልተጻፈ ልጁን የያዘ ወላጅ ዛሬ «አሞታል»፣ ነገ «አያቱ ዘንድ ሄዷል» እያለ ወራት ቢገፋ ትእዛዝ መጣሱን ማስረዳት ጭንቅ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመረካከቢያው ቦታና ልጁን የሚያደርሰው ዘመድ በውሳኔው ላይ በስም ይስፈር ብሎ ዳኛውን መለመን ያለበት ባለጉዳዩ ነው።

የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113 መጠያየቁን የወላጅም የልጅም መብት ያደርገዋል። የተከለከለ ወላጅ ቀኑን እየጻፈ፣ ምስክር እየያዘ፣ ውሳኔውን በሰጠው ፍርድ ቤት የአፈፃፀም መዝገብ ይክፈት። ሽማግሌና የንስሐ አባት ይግቡ፤ በአገራችን ብዙ ጸብ ያበረዱ ናቸው። የተስማሙበት ነገር ግን በጽሑፍ ለችሎቱ ይቅረብ። ልጁን ከትምህርት ቤት ደጃፍ ነጥቆ መሄድ፣ ወይም «ካላሳየሽኝ አልከፍልም» ብሎ ቀለብ ማቆም፣ የሚጎዳው ልጁን ነው፤ ችሎት ፊትም ከሳሹን ተከሳሽ ያደርገዋል።

ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በክልላችን በአማራ ባለው ግጭት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የደብረ ወርቅ መንገድ ሲዘጋ ሰው ከሰው አይገናኝም። መንገድ የከለከለውን እናት ከለከለች ብሎ መክሰስ ግፍ ነው። እሷም መንገዱ ሲከፈት ያለፈውን ቀን ልትተካ፣ እስከዚያም ስልክ ልታገናኝ ይገባታል።

ድብደባ ሸሽታ የወጣች እናት ልጇን ብትሸሽግ ነገሩ ሌላ ነው። ፍርሃቷን ለፍርድ ቤት ተናግራ ግንኙነቱ ሌላ ሰው ባለበት እንዲሆን ትጠይቅ፤ ዝም ብላ ከሸሸገች ግን እውነቷም እንደ እምቢታ ይቆጠርባታል።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632፣ በ2000 ዓ.ም፣ ልጁን ለዓመታት ያላሳደገ አባት አባት ስለሆነ ብቻ ከአሳደገችው አክስት ሊወስድ እንደማይችል ወስኗል፤ ሚዛኑ የልጁ ጥቅም ነበር። በመጠያየቅም ጉዳይ ዳኛው ልጁን ለብቻው፣ ወላጆቹ በሌሉበት ክፍል ይስማው። «አባቴን አልፈልግም» ካለ፣ ቃሉ የራሱ ይሁን የተጠና፣ ረጋ ብሎ ይመርምር፤ ትእዛዙንም ከዚያ በኋላ ያጽናው ወይም ያሻሽለው።