ጎርጎራን እንዳየኋት
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

 

እኛ የሸርቆሌ ልጆች ከባሕር ርቀን ያደግን ነን። ስለዚህ ከጐንደር ተነሥተን፣ በአዘዞና በቆላ ድባ አልፈን ከጣና ሰሜን ዳርቻ ስንደርስ ማዶው የማይታይ ውሃ አይቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ እነርሱም ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር!

በጎርጎራ ስሙ ዘወትር የሚነሣው እስፓኛዊው ካህን ጴድሮ ፓኤዝ ነው። እርሱም እንደ እኛ ከባሕር ርቆ፣ በማድሪድ አቅራቢያ ባለች መንደር በ1564 (በፈረንጅ አቈጣጠር) ተወለደ። ወደ አገራችን ሲመጣ በባሕር ላይ ተማርኮ በየመን ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ ኖረ። ይህ ሁሉ ሳያስፈራው እንደ ገና ተነሥቶ በ1603 በምጽዋ በኩል ገባ። በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ የዐባይን ምንጭ አይቶ ጻፈ፤ በ1622 እዚያው ጎርጎራ ዐረፈ። ከሐይቁ ዳር የቆመው ማርያም ግምብ በስሙ ቢጠራም ያለቀው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት በመቀበላቸው ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 የቀደመው ሃይማኖት ሲመለስ ግምቡ ባለቤት አጣ። ጣራው በአብዛኛው ወድቋል፤ በድንጋዩ ላይ የተቀረጹት አበቦች ግን ዛሬም ይታያሉ። በቅርብ ዘመንም ከማድሪድ የመጡ ሊቃውንት ቈፍረው አጥንተውታል።

እዚያ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ አገርህ ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ሸርቆሌ ነው፣ አባባ። ዐባይ በእኛ በኩል ይወርዳል።»

«እንግዲያ ጎረቤታሞች ነን! ከእናንተ ዘንድ በወንዙ ዳር ምን ነበረ?»

ዝም አልሁ። ስለ ፓኤዝ የተማርሁትን ሁሉ ልነግራቸው እችል ነበር፤ ስለ ገዛ ወንዜ ዳር ግን አንድ የመሻገሪያ ስም እንኳ አላውቅም ነበር። የታላቁ ግድብ ሐይቅ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሞላ፣ መሻገሪያውም ወርቅ የሚታጠብበት ዳርቻም ከውሃ በታች ሆኗል። የጎርጎራ ፍራሽ በዓይን ይታያል፤ የእኛው ግን በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ቀርቷል።

በተመለስሁ ማግስት ወደ አያቴ ቤት ሄድሁ። በልጅነቷ በየት በየት ይሻገሩ እንደ ነበር ጠየቅኋት። መጀመሪያ፣ «ይህ ደግሞ ለምን ይጠቅምሃል?» ብላ ሳቀች። ከዚያም እስኪመሽ ድረስ ነገረችኝ፤ እኔም ስሞቹን እያስደገምሁ በደብተሬ ጻፍሁ።