ጦስኝ ለፀሐያማ ጓሮ
ፀሐይ የማይጠፋበት ጓሮ ካላችሁ፣ ዛሬ አንድ የደጋ ተክል እንጠቁማችሁ፦ ጦስኝ።

በሻይና በሽሮ የምታውቁት ጦስኝ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ገላጣ ሜዳ ላይ ምንጣፍ ሆኖ ይበቅላል። ወደ ላይ አይመዘዝም፤ መሬት ለመሬት ይሳባል። ቅርንጫፉ አፈር በነካበት ቦታም ሥር ያወጣል። ስለዚህ ዘር ፍለጋ አትድከሙ፤ ከጎረቤት ሥር የያዘ ቁራጭ ለምናችሁ በክረምቱ መግቢያ ትከሉ። በቁራጮቹ መካከል አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ክፍተት ተዉ።

ጠላቱ ውሃ የሚቋጥር መሬት ነው። አፈራችሁ መረሬ ከሆነ አሸዋና ጠጠር ቀላቅላችሁ መደቡን ከፍ አድርጉት። አንዴ ከያዘ በኋላ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡት። ጥላ ውስጥ ግን ይመነምናል፤ አበባውም ይሳሳል።

መዓዛው የሚመጣው ቅጠሉ ላይ ካሉ ጥቃቅን የዘይት ዕጢዎች ነው። ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉት ንጥረ ነገሮች እዚያ ይጠራቀማሉ፤ ፀሐይ ሲያሞቃቸው ወይም እጅ ሲነካቸው ጓሮውን ያውዱታል። ወይን ጠጅ የመሰለው አበባውም ንብ ይጠራል።

አበባው ሲያልፍ ለምለም ጫፉን ከርክሙ፤ እንጨት የሆነውን ግንድ ግን አትንኩ፣ ዳግም ላያቆጠቁጥ ይችላል። የከረከማችሁትን ጥላ ሥር አድርቁት፤ ለሻያችሁ ይሆናል።