ቅቤ የገባበት ቡና

በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ ቡና ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ ለእንግዳ ይቀርባል፤ ‹ቡና ቀላ› ይባላል። በሌሎች ቤቶችም ሲኒው ላይ ቅቤ ጠብ ይደረጋል። ሐላል ነው፤ ማክበሪያም ነው። ይሁንና 1 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ 7 ግራም ያህል ስብ አለው።

ሱረቱል አዕራፍ በ31ኛው አንቀጽ መብላት መጠጣትን ፈቅዶ ወሰን ማለፍን ከልክሏል። ስለዚህ ልባቸውን የታመሙትን አባት «ካልጠጡልኝ» ብሎ ማስጨነቅ አክብሮት አይደለም። እናቶቻችን፣ እህቶቻችን! ከመቅዳታችሁ በፊት ጠይቁ። እንግዳውም «ሐኪም ከልክሎኛል» ለማለት አይፈር፤ ይሉኝታ በሽታን አይመልስም። ዱዓው አብሮ ይደረግ፤ ለታመመው ግን ቅቤ የሌለበት ሲኒ ይቅረብለት። አላህ ጤናችሁን ይጠብቅላችሁ።