ስለ ኮምፒዩተር ያለን አሳብ
(በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



ለዛሬው በዓል ከ12ኛ ክፍል ተናጋሪ ይቅረብ በተባለ ጊዜ ጓደኞቻችን ስለ ኮምፒዩተር እንድንናገር መረጡን። የመረጡንም ከሌሎቹ አብልጠን ስለምናውቅ ሳይሆን፣ ስለዚህ ነገር ዝም ማለት ስላልቻልን ነው፤ በኪራይ ቤት አብረውን የሚያድሩት ይህን ይመሰክራሉ። ዳሩ ግን ወሬ ብቻ ይዘን አልመጣንም። ከዚህ በዓል በሚሰበሰበው ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተሮች ሊገዙ እንደ ታሰበ ሰምተናል፤ ምን ዓይነት ይገዛ የሚለውን ግን ኮሚቴው ገና አልቈረጠም። እኛ በሚመጣው ዓመት እዚህ የማንገኝ ስለ ሆነ ለራሳችን አንለምንም። ስለዚህ ጥቂት ደፍረን ብንናገር ይቅርታ ይደረግልን።

ኮምፒዩተር በአንድ ስም የሚጠራ ሁለት ነገር ነው። በእጅ የሚዳሰሰው፣ ሲወድቅ የሚሰበረው ክፍሉ ሀርድዌር ይባላል። የማይዳሰሰው፣ መሣሪያውን ይህን አድርግ፣ ያን ተው እያለ የሚያዘው የትእዛዝ ጽሑፍ ደግሞ ሶፍትዌር ይባላል። ፕሮግራም መጻፍ ማለትም ይህንኑ ትእዛዝ መሣሪያው በሚቀበለው ቋንቋ በተራ በተራ መጻፍ ነው። ገዢ ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የሚዳሰሰውን ስለ ሆነ እኛም ከእርሱ እንጀምራለን።

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛችን ከአዲስ አበባ የተላከለትን ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞ ጃናሞራ ወዳለው የወላጆቹ መንደር ወጣ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በርና በጨነቅ አድርጎ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ነው። ላፕቶፑ በመንገድ ላይ ተዘግቶ ስለ ነበር ምንም አልሆነም። ከመንደሩ ደርሶ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ግን ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያውም የጻፍነው ሁሉ፣ የፊዚክስ ማስታወሻችንም ጭምር፣ አብሮት ጠፋ። መሣሪያው አሮጌ ስለ ነበር ከፍታው ብቻ ገደለው ብለን አንፈርድም። ቢሆንም ምክንያቱን ስንፈልግ ሻጭ ሁሉ የማይነግረንን አንድ ነገር አገኘን።

በሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳሕን አለ። ጽሑፉን የሚያነብበው ጫፍ ሳሕኑን አይነካውም፤ ሳሕኑ ሲዞር በሚፈጥረው የአየር ሽፋን ላይ፣ ከጠጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ተንሳፎ ይኖራል። አየሩ ሲሳሳ ያ ጫፍ ወደ ሳሕኑ ይቀርባል። ስለዚህ ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ሃርድ ዲስካቸው የሚሠራበትን ከፍታ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ብለው ይወስኑታል። የአገራችን ደጋ ብዙ መንደሮቹ ከዚህ በላይ ናቸው! የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ ግን አየር አያስፈልገውም። እንግዲህ ለእኛ አገር የሚገዛ ኮምፒዩተር ፍጥነቱ ቢያንስ ይነስ፤ ማከማቻው ግን ኤስኤስዲ ይሁን እንላለን። የቀዝቃዛው አየራችን ነገርም አያታልለን፤ የሳሳ አየር ሙቀትን አጥቦ ለመውሰድ ደካማ ስለ ሆነ ማራገቢያው በአቧራ ሲደፈን መሣሪያው በደጋም ይግላል።

ሁለተኛው አሳባችን ብዙዎች የማይወዱት ነው። አዲስና ቀጭን ላፕቶፕ ከሚገዛ፣ ያገለገለ ነገር ግን በአራት ብሎን የሚከፈት የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይገዛ እንላለን። በብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራም የሚባለው የሥራ ማኅደር ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ነው፤ ሲበላሽ መለወጥ አይቻልም። የጠረጴዛው ግን ተነቅሎ ይለወጣል። እኛ ራሳችን ሞተ ተብሎ ጥግ የተጣለ ኮምፒዩተር ከፍተን፣ የራሙን የብረት ጥርስ በእርሳስ ላጲስ አሽተን መልሰን ብንሰካው ተነሥቷል። ይህን ስንናገር የሚስቁብን አሉ፤ ይሳቁ፣ ኮምፒዩተሩ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሰባራ እንዳያደርጉት እየተባለ ከልጆች የተሸሸገ መሣሪያ ማንንም አያስተምርም። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው ድርጅት መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተናገረውን አንብበናል። ድርጅቱ በኢትዮጵያ በሁለት ገጠሮች፣ በወንጪና በወለንጪቲ፣ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። እርሱ እንዳለው ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተውታል። ያለ አስተማሪ መማር ይሻላል ለማለት አይደለም፤ መምህሮቻችን ፊት ለፊት ተቀምጠው ይህን እንዴት እንላለን! ብቻ ልጆቹ እንዲነኩ ተፈቅዶላቸው ነበር።

አሁን ወደማይዳሰሰው እንለፍ። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው። የአማርኛ ፊደል ብዛት ከጥንት ጀምሮ መሣሪያ ሠሪዎችን ያስጨነቀ ነገር ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ከሁለት መቶ የሚበልጠውን ፊደል በጥቂት ቍልፎች ማድረስ ነበረባቸው። በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት አቶ ፍሥሐ አጥላው ደግሞ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1980ዎቹ ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለመጻፍ ቀድመው ከደከሙት አንዱ ናቸው። ድርጅታቸውን ዳሸን ኢንጂነሪንግ ብለውት ነበር፤ የተራራችንን ስም በዚህ ቦታ ስናገኘው ደስታችን ብዙ ነበር። በ1999 ደግሞ፣ አሁንም እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር፣ ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ።

በዚያ መዝገብ «ሀ» 4,608 ናት፤ «ሁ» 4,609፣ «ሂ» 4,610 እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል። ስለዚህ የፊደሉን ቍጥር ለ8 አካፍላችሁ ትራፊውን ብታዩ፣ 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ እያለ እስከ ሳብዕ ይነግራችኋል። «ጃናሞራ» ለኮምፒዩተር 4,867፣ 4,755፣ 4,638፣ 4,651 ነው። ትራፊዎቹ 3፣ 3፣ 6፣ 3 ናቸው፤ ይኸውም ራብዕ፣ ራብዕ፣ ሳብዕ፣ ራብዕ። ይህን ባገኘንበት ማታ የየራሳችንን ስም ስናካፍል አመሸን።

ነገር ግን መዝገቡ ውስጥ መግባት ብቻውን እኩል አላደረገንም። በስልክ የሚላክ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 1,120 ቢት ነው፤ ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚጻፍባት ቦታ ናት። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ፊደል ይገባል፤ የእኛ ፊደል 16 ቢት ስለሚወስድ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ለእናቱ «ስንቅ አልቆብኛል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ መልእክቱ ረዘም ካለ በራሱ ፊደል በመጻፉ የሁለት መልእክት ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው። ብዙዎቻችን አማርኛን በላቲን ፊደል የምንጽፈው ከዚህ የተነሣ ነው መሰለን፤ ስንፍናም አለበት።

ከሁሉ ይልቅ የምንወደው ፕሮግራም መጻፍን ነው። ለዚህ ሥራ ኮምፒዩተር አስቀድሞ የግድ አያስፈልግም። እንግሊዛዊቱ አዳ ላቭሌስ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1843 የስሌት ትእዛዝ በተራ ጽፋ ስታሳትም፣ ትእዛዙን የሚፈጽመው የቻርልስ ባቤጅ መኪና ገና አልተሠራም ነበር፤ በሕይወቱም አልተፈጸመም። እኛም መብራት በሚጠፋበት ማታ በደብተር ላይ ጽፈን፣ አንዳችን ትእዛዙን ስናነብ ሌላው እንደ ኮምፒዩተር ሆኖ ቍጥሩን ይይዛል። ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ ከሻማው ፊት ይገኛል።

እኛ የመጀመሪያ ትምህርታችንን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ስለ ሆነ ባሕረ ሐሳብን አናውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን የአንዲት የክፍል ጓደኛችን አጎት፣ መሪጌታ ናቸው፣ በዓላትን በቃላቸው ሲያወጡ ሰምተን ይህ ፕሮግራም ነው እኮ ብለን ተነሣን። የኔታም ሳይሰለቹ ነገሩን። ለ2018 ዓ.ም. 5,500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7,518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስለት 12 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል፤ ካነሰ በጥቅምት። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7 ሲደመር 25። እንግዲህ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባች፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቈጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ሆነ። መገደፍ ማለት እያካፈሉ ትራፊውን መያዝ ነው፤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለዚሁ ሥራ የመቶኛ ምልክት ትጻፋለች። በጃናሞራ ፊደል ላይ የሠራነውም ይኸው ነበር።

ፕሮግራማችን 2018ን በትክክል ባወጣ ጊዜ ጮኽን። ጓደኛችን ግን «የአንድ ዓመት ምስክር አይበቃም፤ ያለፈውን እንሞክር» አለች። 2017ን ጠየቅነው። መጥቅዕ 29፣ ቀኑ ረቡዕ፣ ተውሳኩ 4፤ ኮምፒዩተሩም ያለ ኀፍረት «ነነዌ ጥር 33» ብሎ ጻፈ።

የኔታ ወረቀቱን አይተው፣ «ልጆቼ፣ ጥርን ማን ሠላሳ ሦስት ቀን አደረገላት? ሠላሳውን ግደፉና ወሩን አሳልፉት እንጂ» አሉን። የካቲት 3 ማለታቸው ነው። ከሁሉ የገረመን ፋሲካውን በትክክል ሚያዝያ 12 ማለቱ ነበር፤ 33 ላይ 69 ደምሮ ሦስት ወር ሲቀንስ ስሕተቱ ራሱን ሸሸገ። ነነዌን ጻፍ ብለን ባናዘው ኖሮ ፋሲካውን ብቻ አይተን ሥራችን ተፈጸመ እንል ነበር። ግድፈታችን መግደፍን መርሳታችን ነበር፤ ይህን ቀልድ የኔታ ናቸው የቀለዱት።

አንዳንድ ሰዎች፣ አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአማርኛ ሲጠይቁት ፕሮግራሙን ስለሚጽፍ ለምን ትደክማላችሁ ይሉናል። እኛም እንጠቀምበታለን፤ አንሸሽገውም። ግን ጥር 33ን አይቶ የሚደነግጥ ሰው ከጎኑ መኖር አለበት።

ይህን ሁሉ የሠራንበት ሶፍትዌር ዋጋ አልተከፈለበትም፤ ፓይተንም ሊነክስም በነፃ የሚገኙ ናቸው። አንድ ጊዜ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይጠይቁም፤ ዊኪፔዲያንም ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ነገር ላይ ገንዘባችንን ሁሉ እንዳንጥል ኮሚቴውን እንለምናለን።

እንግዲህ ልመናችን ይህ ነው። ሃያ አዲስ ከሚገዛ አሥር ያገለገሉ ኤስኤስዲ ያላቸው ይገዙ፤ በተረፈውም መለዋወጫ፣ መፍቻና ባትሪ ይገዛበት። አንድ ነገር ደግሞ ያለ ገንዘብ የሚፈጸም አለ። የኮምፒዩተሩ ክፍል ለተማሪ የሚከፈተው ቅዳሜ ነው። ከገጠር መጥተን በኪራይ ቤት የምንኖር ተማሪዎች ቅዳሜ ስንቅ ልናመጣ ወደየቤታችን እንሄዳለን፤ ከመካከላችን በእግሩ ደርሶ ለመመለስ እሑድ ማታ የሚገባም አለ። ስለዚህ ያን በር ክፍት ሆኖ ያየነው ጥቂት ጊዜ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቢከፈት ተራ ጠባቂ ለመሆን የ10ኛ ክፍል ልጆች ስማቸውን ጽፈው ሰጥተውናል፤ ወረቀቱን ከዚህ መድረክ ስንወርድ ለርእሰ መምህራችን እናስረክባለን።

የባሕረ ሐሳቡ ደብተርም ከእነርሱ ዘንድ ነው። ባለፈው ሳምንት 2019ን ሞክረውት መጥቅዕ 7 ስለ ሆነ በጥቅምት ዋለ፤ እኛ ያልሞከርነው መንገድ ነው። ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ብሎ አወጣ። ወደ የኔታ ወስደው ሲያሳዩዋቸው ጥቂት ዝም ብለው በጣታቸው ከቈጠሩ በኋላ፣ «ደግ፤ አሁን ደግሞ 2020ን አምጡ» አሏቸው።